ዕድሜ ከተገኘ በኋላ፦ ካንሰርና ኑሮ በኩዌት ከተማ

በኩዌት ከተማ ዘመናዊ ሕክምና የገባው የመጀመሪያው ነዳጅ ዘይት ከመሸጡ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በፊት፣ በአሜሪካ ሚሲዮናውያን እጅ ነው። ዶክተር ኤሊኖር ካልቨርሊ በ1912 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ ከተማዋ ገብተው ሴቶችን ማከም ጀመሩ፤ ሰውም «ኻቱን ሐሊማ» የሚል ስም አወጣላቸው። በ1914 ለወንዶች፣ በ1919 ደግሞ ለሴቶች ሆስፒታል ተሠራ። ከተማዋ ያኔ በዕንቁ ጠለቃና በመርከብ ንግድ የምትተዳደር፣ የጭቃ ቤቶች የተደጋገፉባት ወደብ ነበረች። ሰውነቱ ላይ ዕጢ የወጣበት ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያየው በጋለ ብረት የሚተኩሰውን የአገር ባለመድኃኒት ነው፤ ሆስፒታል የሚደርሰው ዕጢው ከቆሰለ በኋላ ነበር። ቢላዋ የሚደርስበት ይቆረጣል፤ የማይደርስበት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለ እንዲህ ያለው ሕመምተኛ አዋዋል መጠየቅ ስለ አስታማሚዎቹ ከመጠየቅ አይለይም ነበር። ወገን ያለው ይታጠባል፣ ይጎርሳል፣ በተኛበት ይገላበጣል። ወገን የሌለው ይህ ሁሉ ይቀርበታል።

በ1946 የመጀመሪያው ነዳጅ በመርከብ ተጭኖ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በጥድፊያ የሆነ ነው። የአሚሪ ሆስፒታል በ1949፣ አገሪቱ ነጻነቷን ባወጀች በዓመቱ በ1962 ደግሞ ከከተማው መሃል ወደ ምዕራብ በሹወይኽ አጠገብ የአል-ሰባህ ሆስፒታል ተከፈተ። ሕክምናው በነጻ ነበር፤ ለአገሬው ብቻ ሳይሆን ሥራ ፍለጋ ለመጣውም ጭምር። በ1957 የተደረገው የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ 206 ሺህ ያህል ሰው ሲመዘግብ ከመካከሉ ወደ ግማሽ የሚጠጋው የውጭ አገር ሰው ነበር። ካንሰር የያዘው ግን በነጻው ሕክምና ብዙም አልተጠቀመም። ጨረር የሚሰጥ መሣሪያ በአገሩ ስላልነበረ ሕክምና ማለት ጉዞ ማለት ነበር። በመንግሥት ወጪ ወደ ውጭ አገር ለሕክምና መላክ ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆኖ ቀረ፤ ለንደን ውስጥ የኩዌት የጤና ጽሕፈት ቤት አለ፤ ዜጎች ዛሬም በዚህ መንገድ ይሄዳሉ። ሰው በባዕድ ከተማ፣ በአንድ አስታማሚ ዘመድ ታጅቦ ወራት ማሳለፉ ዕድሜን ሊያራዝም ይችላል። ልጆቹ፣ ሱቁ፣ የሠፈሩ መስጊድ ግን እዚያው ኩዌት ናቸው፤ ይህን ወጪ ማንም በሒሳብ መዝገብ አላሰፈረውም።

ጉዞው መቀነስ የጀመረው በ1968 ነው። በአል-ሰባህ የሕክምና ሠፈር ውስጥ የጨረር ሕክምና ተጀመረ፤ ይህም በኋላ የኩዌት የካንሰር መቆጣጠሪያ ማዕከል ተብሎ የሚታወቀው ተቋም መነሻ ሆነ። በ1971 የአገር አቀፍ የካንሰር መዝገብ ተቋቋመ። ሕመሙ የማን እንደሆነ፣ በየትኛው ብልት እንደጀመረ፣ በስንት ዓመቱ እንደያዘው ከዚህ ወዲህ ይቆጠር ጀመር። በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ይህን ያህል ቀድሞ መቁጠር የጀመረ አገር ጥቂት ነው። መዝገቡ የሚጠይቀው ግን ማን ታመመ፣ ማን ሞተ የሚለውን ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ኑሮ አይደለም።

በሌላው ዓለምም ስለ ሕመምተኛው ኑሮ የሚነሣው ጥያቄ ገና ቅርጽ እየያዘ ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም ዴቪድ ካርኖፍስኪ ከባልደረባቸው ጋር በ1949 ባወጡት መለኪያ ሐኪሙ ሕመምተኛውን አይቶ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጠዋል፦ ራሱን ችሎ የሚሠራ ከላይ፣ አልጋ ላይ የዋለ ከታች። ነጥቡ የሐኪሙ ነው፤ ሕመምተኛው አይጠየቅም። በ1967 እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲስሊ ሳንደርስ በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ (የማይድኑ ሕሙማን ማስታመሚያ) ሲከፍቱ ሥቃይ የአካል ብቻ እንዳልሆነ፣ የልቡና፣ የቤተሰብና የእምነት ሸክምም እንዳለበት በተግባር አሳዩ። በ1980 የአውሮፓ የካንሰር ምርምር ድርጅት ስለ ኑሮ ጥራት የሚያጠና ቡድን አቋቋመ፤ ቡድኑ በ1993 ያወጣው ባለ 30 ጥያቄ ቅጽ ከጊዜ በኋላ ሹወይኽም ይደርሳል።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ኩዌት የገነባችው በዋናነት ሕንፃ ነው። አል-ሰባህ የሕክምና ሠፈር ውስጥ የሚዘዋወር ሰው በየበሩ ላይ የነጋዴ ቤተሰቦችን ስም ያነባል፤ የሑሴን መኪ አል-ጁማ የቀዶ ሕክምና ማዕከል ከእነዚህ አንዱ ነው። ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ለሙት መታሰቢያ ሆስፒታል ያሠራል፤ ይህ የአገሩ ደግ ልማድ ነው። ለሕንፃ የሚሰጥ ብዙ ሲሆን ለአሥር ዓመት የነርስ ደሞዝ የሚሰጥ ግን አይገኝም፤ ሥቃይን የሚያቀልለው የማስታገሻ ሕክምና ደግሞ ከሕንፃ ይልቅ የነርስ ሥራ ነው። ከዚህ ልማድ ወጣ ያለው በ1979 የተቋቋመው የሕሙማን መርጃ ፈንድ ማኅበር ሲሆን፣ የመድኃኒትና የሕክምና ወጪ መክፈል ያልቻለውን ይረዳል፤ ከተረጂዎቹም ብዙዎቹ የውጭ አገር ሠራተኞች ናቸው።

ሕመምን በማስታገሥ በኩል መንገዱ ጠባብ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 የካንሰር ሕመምን በሦስት ደረጃ የማስታገሥ መመሪያ አወጣ፦ ከተራ ማስታገሻ ተነሥቶ፣ በመካከለኛው አልፎ፣ እስከ ሞርፊን። በኩዌት ግን በ1983 የወጣው ሕግ ቁጥር 74 አደንዛዥ ንጥረ ነገሮችን በጥብቅ ይቆጣጠር ነበር። ሞርፊን ይታዘዝ የነበረው በተወሰኑ ሆስፒታሎችና ሐኪሞች በኩል ነው፤ ከመሃል ከተማ ርቆ በጀህራ ወይም በፋሃሂል የሚኖር ሕመምተኛ ቤቱ አጠገብ ካለው ጤና ጣቢያ አያገኘውም ነበር። ሕጉ የተጻፈው ሱሰኛውን አስቦ ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ ያጣውን የአጥንት ካንሰር ሕመምተኛ አስቦ አልነበረም።

በ1989 ዶክተር ሂላል አል-ሳይርና ባለቤታቸው ማርጋሬት አል-ሳይር በሆስፒታል ላሉ ሕፃናት የሚቆረቆር ማኅበር መሠረቱ። የጀመሩት በመጫወቻ ክፍል ነው። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ለሕፃን ካንሰር ሕመምተኛ ብዙ ይለውጣል። የአምስት ዓመት ልጅ በየሳምንቱ መርፌ የሚወጋው ሰው ሲመጣ ከአልጋው በታች ለመደበቅ ይታገላል። የጨዋታ ባለሙያዋ አሻንጉሊት፣ ባዶ ስሪንጅና ፋሻ ታቀርብለታለች፤ ልጁ አሻንጉሊቱን ይወጋል፣ ያስራል፣ ያባብላል። የሚወጋው ሰው አንድ ጊዜ እሱ ራሱ ከሆነ በኋላ የሚመጣበትን ያውቀዋል። ከመርፌው ሕመም የሚብሰው ድንገተኛነቱ ነውና።

ማኅበሩ ገና ሥር ሳይሰድ፣ ነሐሴ 2 ቀን 1990 የኢራቅ ጦር ገባ። ወረራው እስከ የካቲት 1991 መጨረሻ ዘለቀ። ከሆስፒታሎች መሣሪያ ተዘርፏል፤ ከውጭ የመጡት ሐኪሞችና ነርሶች አብዛኞቹ ጥለው ወጡ። ለካንሰር ሕመምተኛ የተቋረጠ ሕክምና የዘገየ ሕክምና ማለት ብቻ አይደለም፤ ጨረር በመሃል ከቆመ ዕጢው እንደገና ሊያድግ ይችላል። ያንን ዘመን ያሳለፉት ሌላ ፍርሃትም ወረሱ። ኢራቃውያኑ ሲወጡ ከ600 በላይ የነዳጅ ጉድጓዶችን አቀጣጠሉ፤ የመጨረሻው እሳት የጠፋው ኅዳር 6 ቀን 1991 ነው። ቀኑን ያጨለመው ጭስ በኋላ ለመጣው ካንሰር ሁሉ ምክንያት እንደሆነ ብዙ ነዋሪ ይናገራል፤ ይህንን ማስረገጥ ለሳይንስ እጅግ ከባድ ሆኖ ቆይቷል። ጭንቀቱ ግን ራሱ የኑሮ ጥራት አንድ ክፍል ነው።

በ1999 የወጣው ሕግ ቁጥር 1 የውጭ ዜጎች ለመኖሪያ ፈቃዳቸው ሲያመለክቱ የጤና መድን እንዲከፍሉ ደነገገ። ሁሉን በነጻ ያከም የነበረው ዘመን ማብቃት የጀመረው በዚህ ነው፤ በ2017 መገባደጃ የሆስፒታል ክፍያዎች ለውጭ ዜጎች ከፍ አሉ፤ በታኅሣሥ 2022 ደግሞ ለመድኃኒት ብቻ በጤና ጣቢያ 5፣ በስፔሻሊስት ክሊኒክ 10 ዲናር ተጨመረ።

አዲሱ ምዕተ ዓመት ሲገባ ሌላ ጉዳይ ይነገር ጀመር፦ ሕመምተኛው ሕመሙን ያውቃል ወይ? በ2002 የታተመ ጥናት የኩዌት ሐኪሞችን ጠይቆ ነበር። አብዛኞቹ ለሕመምተኛው እውነቱን እንደሚናገሩ ገልጸው፣ ቤተሰቡ እንዲደበቅ ከለመናቸው ግን ዝም እንደሚሉ አምነዋል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያነብ ሰው ይገረማል፤ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ብዙም አይገረምም። በአዲስ አበባም ሆነ በጎንደር ልጆች ሐኪሙን በር ላይ ጠብቀው «ለእናታችን እንዳትነግርብን» ይላሉ። ጭካኔ አይደለም፤ ግን ሕመምተኛው ምን እንደሚጠብቀው ሳያውቅ ኑዛዜውን፣ ዕዳውን፣ ዕርቁን የሚያስተካክልበት ጊዜ ያልፈዋል። በ2006 ዶክተር ኻሊድ አል-ሳሊሕ የሚመሩት የካንሰር ግንዛቤ ዘመቻ ሲጀመር ዋና ሥራው ሰው ቶሎ እንዲመረመር መቀስቀስ ነበር፤ በዚያው ግን የሕመሙን ስም በአደባባይ ማንሣት እየተለመደ መጣ።

በኩዌት ዩኒቨርሲቲና በአገሪቱ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ዙሪያ የነበሩ ተመራማሪዎች በዚህ ጊዜ ስለ ኑሮ ጥራት መመዘን ጀመሩ። በ2007 ናይጄሪያዊው የአእምሮ ሐኪም ጁድ ኦሃኤሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በኻርቱም የጡትና የማሕፀን አካባቢ ካንሰር ያለባቸውን ሴቶችና አስታማሚዎቻቸውን አጥንተው አሳተሙ። በ2009 ደግሞ ከሻፊቃ አል-አዋዲ ጋር ሆነው ፊታቸውን ወደ ኩዌት አዞሩ። በካንሰር ማዕከሉ ኬሞቴራፒ የሚወስዱ 348 የጡት ካንሰር ሕሙማን ሴቶች ባለ 30 ጥያቄውን የአውሮፓ ቅጽ በዐረብኛ ሞሉ፤ በተከታዩ ዓመት ቅጹ በዚያ አገር ይሠራ እንደሆነ የሚመረምር ሌላ ጽሑፍ ወጣ።

ቅጹ ቀረብ ብሎ መታየት አለበት። አብዛኞቹ ጥያቄዎች ባለፈው ሳምንት ላይ ያተኩራሉ፤ መልሱም «በፍጹም» ከሚለው «በጣም» እስከሚለው አራት ደረጃ አለው። የገበያ ከረጢት ወይም ሻንጣ መሸከም ይከብዳል ወይ? ረጅም መንገድ መሄድስ? ቀኑን አልጋ ወይም ወንበር ላይ መዋል ያስፈልጋል? ለመብላት፣ ለመልበስ፣ ለመታጠብ ረዳት ይፈለጋል? ከዚያ ወደ እንቅልፍ፣ ወደ ማቅለሽለሽ፣ ወደ ድካም፣ ወደ ሐሳብ መበታተን ይሄዳል፤ ሕመሙ በቤተሰብ ኑሮና በማኅበራዊ ኑሮ መግባቱን ይጠይቃል፤ የገንዘብ ችግርንም አይዘልም። መጨረሻ ላይ ሕመምተኛዋ ጤናዋንና ኑሮዋን በጠቅላላው ከ1 እስከ 7 ትመዝናለች። ውጤቱ ተሰልቶ ከ0 እስከ 100 ይሆናል፤ ከካርኖፍስኪ የሚለየው ቁጥሩን የሰጠችው እሷ መሆኗ ነው።

የኩዌት ሴቶች ውጤት በአብዛኛው መካከለኛ ላይ፣ አንዳንዱም ከዚያ በታች ወደቀ። ነገር ግን ቅጹ የተቀረጸው ለአውሮፓ ሰው መሆኑ በየጥያቄው ይታያል። ረጅም መንገድ በእግር መሄድ በአገሪቱ ሰሜናዊ ምዕራብ በሚትሪባህ በሐምሌ 2016 53.9 ዲግሪ ሙቀት ለተመዘገበበት አገር ምን ይለካል? በበጋ ጤነኛውም ከመኪናው ወደ በሩ ነው የሚሮጠው። የገበያ ከረጢቱንማ በብዙ የኩዌት ቤት የሚሸከመው ሠራተኛዋ ናት፤ እመቤቲቱ «በፍጹም አይከብደኝም» ብትል መልሱ የጉልበቷ ነው ወይስ የሠራተኛዋ? በተቃራኒው ቅጹ የማይጠይቀው ብዙ አለ። ረመዳን ሲገባ ሕመምተኛ አለመጾም ይፈቀድለታል፤ ቤቱ ሁሉ ጾሞ ለብቻ መብላት ግን ለአማኝ ሰው ከማቅለሽለሹ ሊብስ ይችላል። ወንዱ በየማታው የሚቀመጥባት ዲዋኒያ የምትባል የወንዶች መሰብሰቢያ አለች፤ ከዚያ መቅረት ከሰው ተራ መውጣት ነው። ለሴቷ ደግሞ ሒጃቡ የረገፈውን ጸጉር ከውጭ ሰው ይሸሽግላታል፤ ከባሏና ከመስተዋቱ ግን አይሸሽገውም።

በ2011 በአል-ሰባህ የሕክምና ሠፈር የማስታገሻ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። በ1968 ከተጀመረው ጨረር እስከዚህ 43 ዓመት አልፏል። በዚህ ማዕከል ዋናው ሥራ የዕጢውን መጠን መለካት አይደለም፤ ሕመሙን ማስታገሥ፣ ቁስሉን ማጽዳት፣ ሰገራ ሲደርቅ ማለስለስ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ማረጋጋት፣ አስታማሚውን እንዴት ሰው እንደሚገላበጥ ማስተማር ነው። ለቤተሰቡ እዚያ መግባት «ተስፋ ተቆረጠ» የሚል ፍርድ ይመስላል፤ ስለዚህ ሕሙማኑ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ዘግይተው፣ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ ነው። ከሕንፃው መከፈት ይልቅ ይህን ልማድ መስበር ከባድ ሆኖ ቆይቷል።

በ2012 የአል-ሳይር ማኅበር በሱለይቢኻት የሕፃናት ሆስፒስ ከፈተ፤ ስሙ ቤይት አብዱላህ ነው። የነዳፊዋ የዓሊያ አል-ጉነይም ሕንፃ በልጆች መጫወቻ ብሎክ የተገነባ መስሎ በቀለም ያሸበረቀ ነው። ቤተሰብ አብሮ የሚያድርባቸው ቤቶች አሉት። የታመመውን ልጅ ብቻ ሳይሆን ሌሎቹን ልጆችም ያስተናግዳል፤ ወንድሙ ሲታመም እናትና አባት የሚጠፉበት ልጅ ቅናትና ጸጸት በአንድ ላይ ይይዘዋልና። ልጁ ሲሞት ቤተሰቡ ተሰናብቶ አይቀርም፤ የሐዘን ምክር ይቀጥላል።

በ2014 ከ40 ዓመት በላይ ለሆኑ ሴቶች አገር አቀፍ የጡት ምርመራ ፕሮግራም ተጀመረ፤ ዕጢው ቀድሞ ሲገኝ ቀዶ ሕክምናው ያነሰ፣ ኬሞውም የቀለለ ይሆናል። ይህ ራሱ ለኑሮ ጥራት የሚደረግ ሥራ ነው፤ ፕሮግራሙ የታሰበው ግን ለኩዌት ሴቶች ነው።

በዚያው አገር ብዙ ኢትዮጵያውያት ሴቶች በሰው ቤት ሲሠሩ ኖረዋል። ሐዋሊ፣ ሳልሚያ፣ ፈርዋኒያ ሠፈሮች የኢትዮጵያ ሴት በዕረፍት ቀኗ የምትታይባቸው ናቸው። ኢትዮጵያ በ2013 ለሥራ ወደ ውጭ መላክን አግዳ በ2018 እገዳውን አነሣች። ሠራተኛዋ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ለማግኘት ስትመጣ ጤንነቷ ይመረመራል፤ ደረቷ ይነሣል፣ ደሟ ይታያል። ምርመራው የሚፈልገው የሚተላለፍ በሽታን ነው። ጡቷ ላይ እብጠት ብታገኝ ግን ነገሩ ወደ ካፊሏ፣ ማለትም ዋስ ወደሆናት አሠሪዋ ይሄዳል፦ ለመታከም ፈቃድ፣ መጓጓዣ፣ የዕረፍት ቀን ከእሱ ነው። በ2015 የወጣው ሕግ ቁጥር 68 አሠሪውን ለሠራተኛዋ መድኃኒትና ሕክምና ኃላፊ ያደርጋል፤ የሥራ ሰዓቷን በቀን በ12 ይወስናል፤ ሳምንታዊ ዕረፍትም ያዛል። ሕጉ በጉንፋን፣ በተሰበረ እጅ ይሠራል። ለስድስት ወር ኬሞ የምትወስድ ሠራተኛ ግን ከውሉ ዓላማ ውጪ ሆና ትታያለች፤ መኖሪያ ፈቃዷም ከሥራው ጋር የተቆራኘ ነው። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ወደ አገር መመለስ ይሆናል።

በምትመለስበት አገር የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ወረፋውም በወራት ይቆጠር ነበር። በ2003 የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ሕሙማንን በየቤታቸው ይጠይቃል። በ2016 ደግሞ በጥቁር አንበሳ ሕሙማን ላይ ያ ባለ 30 ጥያቄ ቅጽ በአማርኛ ተፈትኖ እንደሚሠራ ታየ። ስለዚህ በሹወይኽ ለኩዌታዊቷ በዐረብኛ የሚቀርበው ጥያቄ፣ ለኢትዮጵያዊቷም በቋንቋዋ ሊቀርብ የሚችልበት መሣሪያ አለ። የቤተሰብ ኑሮዋን የሚጠይቀው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ግን መልሷ ቀላል አይሆንም፤ ቤተሰቧ ደሴ ወይም ወልዲያ ነው፣ የምታገኛቸው በስልክ ነው፣ ስለ ሕመሟም ብዙ ጊዜ አልነገረቻቸውም። የገንዘብ ችግር ጥያቄም ለእሷ የመድኃኒት ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የወንድሟ ትምህርት፣ የእናቷ ቤት ክዳን፣ ለመምጣት የተበደረችው ብር ነው።

በመጋቢት 2020 ኩዌት የመንገደኛ በረራዎችን ዘጋች፤ ከግንቦት 10 እስከ 30 ሙሉ የሰዓት እላፊ ታወጀ። ለንደን ለሕክምና የሄዱት እዚያው ቀሩ፤ ወደ አገራቸው ለመሳፈር የተዘጋጁት የውጭ አገር ሕሙማንም ኩዌት ቀሩ። ኬሞ የሚወስዱ ሰዎች የመከላከል አቅማቸው የደከመ ስለሆነ ሆስፒታል መምጣትም አለመምጣትም አደጋ ሆነ። ጠያቂ ተከለከለ። ሰው ሲታመም ቤቱ በዘመድ በሚሞላበት፣ ቡና ከሄልና ከዛፍራን መዓዛ ጋር በሚዞርበት አገር ሕሙማኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻቸው ተኙ፤ ያለ ወገን መታመም ምን እንደሆነ በሰው ቤት የሚሠሩት ከቀድሞም ያውቁት ነበር። በረራው ከነሐሴ 2020 ጀምሮ ቀስ በቀስ ተከፈተ፤ የካንሰር ማዕከሉ ሕሙማኑን በቀጠሮ ማየቱን ቀጠለ፤ በዚያው በአል-ሰባህ ሠፈርም ለካንሰር ሕክምና የሚሆን እጅግ ሰፊ አዲስ ሕንፃ ሲገነባ ቆይቷል።